ቀዩ ወይስ አረንጓዴው

«ቀዩ ይሻላል ወይስ አረንጓዴው?»

ይህን የጠየቀኝ ታላቅ ወንድሜ ሔኖክ ነው፤ ባምቢስ አካባቢ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያስቆም አንድ የኮምፒውተር ዕቃ መሸጫ ውስጥ። ያኔ ልጅ ነበርኩ። ዛሬ ኑሮዬ ከመጻሕፍት ጋር ነው። ሳላጣራ መመለስ አልወድም፤ የማላውቀውን አላውቅም ማለትም አያሳፍረኝም። ለዚህኛው ጥያቄ ግን አላውቅም ባልኩ ቁጥር ከውስጤ አንድ ነገር ተቆርሶ ይወድቃል።

ባለፈው ክረምት የምሠራበት ቤተ መጻሕፍት ዘበኛ ዝናብ ያበሰበሰውን የሱፍ ካፖርቱን ኤሌክትሪክ ማሞቂያው ላይ አልብሶት ደረስኩ። በሩን ስከፍት የጋለ አቧራና የበግ ፀጉር ሽታ ተቀበለኝ።

«ያንሱት!» አልኩ። ጮኼ ነበር መሰለኝ።

«ኧረ እንዲደርቅ ብዬ ነው እትዬ፣ አይቃጠልም።»

«ያንሱት በእናትዎ።»

ሰውዬው ድምፄን ከፍ ሳደርግ ሰምቶ አያውቅም፤ ደንግጦ አነሳው። እኔ ግን ያን ቀን በአካል ቤተ መጻሕፍት፣ በልቤ ካዛንቺስ ዋልኩ፤ በዚያ ክረምት፣ በዚያ ጌም ቤት።

ቤታችን ከሆቴሎቹ ጀርባ ያለች የቀበሌ ቤት ነበረች። ወደ መንገድ በምትከፈተዋ ክፍል አባቴ በሕይወት ሳለ ልብስ ይሰፋ ነበር። እሱ ሲሞት የስፌት መኪናው ተሸጠ፤ ክፍሏ ባዶ ቀረች። ኋላ ሔኖክና አብሮ አደጉ ጀማል አራት ኮምፒውተር አስገብተው ጌም ቤት አደረጓት፤ ሁለቱ የሔኖክ፣ ሁለቱ የጀማል። ግድግዳው ላይ አባቴ በጠመኔ የጻፋቸው የወገብና የትከሻ ልኮች ሳይጠፉ ነበሩ። የማን ወገብ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

እማዬ ሆቴል ውስጥ አንሶላ ታጥባለች። የእጇ ቆዳ በበረኪና ተልጦ፣ ማታ ማታ ቅቤ ቀብታ በጨርቅ ጠቅልላ ነው የምትተኛው። ሔኖክ በዚያ ሰኔ ቃል ገባላት።

«ለመስከረም ሥራሽን ትለቂያለሽ። በቃ። እጅሽ ይረፍ።»

«አንተ ብቻ የጀመርከውን ጨርስ» አለችው፤ ግን ደስ ብሏታል፤ ጨርቁን ስትጠቀልል ታንጎራጉር ነበር።

እኔ ትምህርት ቤት የገባሁት ዘግይቼ ነው። ዳሌዬን አሞኝ ብዙውን ልጅነቴን አልጋ ላይ አሳለፍኩ። ፊደል ያስቆጠረኝም ሔኖክ ነው፣ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ። ድኜ ክፍል ስገባ ከሁሉም በራስ እበልጥ ነበር። ልጆቹ «እትዬ የሺ መጡ! ተነሱ!» ብለው ከወንበራቸው ብድግ ይሉልኛል፣ እየተንፈቀፈቁ። አስተማሪዋም አንዳንዴ ፊቷን ወደ ሰሌዳው አዙራ ትስቃለች። ስለዚህ ትምህርት ሲዘጋ ለእኔ ፍስክ ነበር።

የክረምት ሥራዬ ኮምፒውተሮቹን ከአቧራ ማጽዳት ነው። ልጆቹ በጫማቸው የሚያስገቡት ጭቃ ሲደርቅ ዱቄት ሆኖ ይነሳና ማሽኖቹ ሆድ ውስጥ ይገባል። ስክሪኑን በደረቅ ጨርቅ፣ የቁልፍ ሰሌዳውን በእርጥብ እጠርጋለሁ፤ የማራገቢያዎቹን ክንፎች ግን ከበዓል ዶሮ ባስቀመጥኩት ላባ ነው። ጨርቅ ክር ይተዋል። ላባ ክር አይተውም። ሔኖክ በዚህ ይስቅብኝ ነበር፤ ጀማል ግን «ተዋት፣ ልጅቷ ኢንጂነር ናት» ይለው ነበር።

«ካርድ ያስፈልገናል» ሲሉ የሰማሁ ቀን ክፉኛ ደነገጥኩ። እኔ የማውቀው ካርድ አንድ ብቻ ነበር፤ ሆስፒታል ስንሄድ እማዬ ተሰልፋ የምታወጣልኝ። ኮምፒውተሩ ታሟል ማለት ነው አልኩ። አዲሱ የመኪና ውድድር ጌም ሲከፈት መኪኖቹ እየተንቀጠቀጡና እያነከሱ ሲሄዱ አይቻለሁ፤ ሕመሙ የዳሌ መሆን አለበት ብዬ በዚያ ቀን ለስለስ አድርጌ ጠረግኩት።

ሔኖክ ይህን ስነግረው ስቆ ስቆ ሲያበቃ አስረዳኝ። «ካርዱ ሠዓሊ ነው በይው። ስክሪኑ ላይ የምታዪውን ሁሉ የሚሥለው እሱ ነው። የኛው ሠዓሊ እጁ ዘገምተኛ ነው፤ ፈጣን ሠዓሊ እናስገባለታለን።»

ፈጣን ሠዓሊዎቹ ሁለት ነበሩ፤ አንዱ በቀይ ካርቶን፣ ሌላው በአረንጓዴ ካርቶን የሚመጣ። የሠሪዎቹን ስም ትልልቆቹ ልጆች በእንግሊዝኛ ይጠሩታል፤ እኛ ቤት ግን «ቀዩ» እና «አረንጓዴው» ብቻ ነበሩ። ሔኖክ ቀይ ነው፣ ጀማል አረንጓዴ። ደንበኞቹም በሁለት ተከፈሉ። ካርዶቹን በዓይኑ ያየ አንድም ሰው ሳይኖር ሰፈሩ ሊደባደብ ደረሰ። እኔ ሁለቱን ካርዶች በአባታቸው ውርስ የተጣሉ ወንድማማቾች አድርጌ ነበር የማስባቸው።

«አቦ ጀማል፣ ቀለሙን እየው እንጂ!» ይላል ሔኖክ፣ ከኢንተርኔት ቤት ያሳተመውን ወረቀት ዘርግቶ። «በቀዩ ላይ ውሃው ውሃ ይመስላል። ያንተ ላይ ጄሶ ነው።»

«ልትጠጣው ነው? ቀዩ ይግላል፣ ሁሉም የሚለው ነው። ሲበላሽ ደግሞ እዚህ አገር የሚያውቀው የለም። ላንቻ ያለው የአጎቴ ልጅ ማሽኖቹን በሙሉ በአረንጓዴ ነው የሞላው፤ አንድ ቀን ቆመውበት አያውቁም።»

«ሁሉ ሰው ያለው ነገር ካለን እኛ ጋ ለምን ይመጣሉ?»

«ፋራ አትሁን ሔኒ። ሰው የሚመጣው የማይቆም ነገር ፈልጎ ነው።»

እውነቱ ግን ደንበኞቻችን መምጣት እየተዉ ነበር። አዲሱን ጌም ፍለጋ እስከ ላንቻ በእግራቸው ይወርዳሉ። ስለዚህ ሁለቱ ተስማሙ፤ ያላቸውን አሰባስበው አንድ ካርድ ይገዛሉ፣ አንዱን ማሽን ያጠነክራሉ፣ ለቡሔ ሰፈሩን ሁሉ ጠርተው የመኪና ውድድር ያዘጋጃሉ። ቤቱ የእኛ ስለሆነ ምርጫው ለሔኖክ ተተወ።

«ግን ካርዱ ጉድ ከሠራን» አለ ጀማል፣ «ማሽኖቼን ይዤ ላንቻ ነኝ። አትቀየመኝም።»

«አልቀየምህም።»

መዳፍ ተማቱ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ተለያይተው የማያውቁ ልጆች ነበሩ፤ አንዱ ሲጾም ሌላው ከፊቱ የማይበላ።

ባምቢስ ስንሄድ እኔን ያስከተለኝ እንግሊዝኛ ስለማነብ ነው፤ ማለቴ፣ ፊደሎቹን ቆጥሬ ስለምጨርስ። ዕቃ ከዱባይ የምታመጣው ነጋዴ ከእያንዳንዱ አንድ አንድ ነበራት። ከኋላዋ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ተለጥፏል። ሁለቱን ካርቶኖች ጠረጴዛው ላይ አቆመቻቸው። አረንጓዴው ላይ ፊቱ ብረት የሆነ ፍጥረት አለ፤ ቀዩ ላይ ሰይፍ የያዘች ሴት። ጀማል እጁን አጣምሮ በሩ ላይ ቆመ።

ሔኖክ አንዱን ያነሳል፣ ያስቀምጣል፣ ሌላውን ያነሳል። ላብ አጥምቆታል። እንደዚያ ሲፈራ አይቼው አላውቅም። ድንገት ወደ እኔ ዞረ።

«የሺ፣ አንቺ ንገሪኝ። ቀዩ ይሻላል ወይስ አረንጓዴው?»

ዝም አልኩ። ስለማላውቅ ነው።

«ልጅቷ ዲዳ ናት እንዴ?» አለች ነጋዴዋ።

«አይደለችም። ሳታጣራ አትናገርም።» ጎንበስ ብሎ ፊቴን አየ፣ ከዚያ ዓይኔ ያረፈበትን ተከተለ። ፊቱ በራ። «አያችሁ? ዓይኗ መርጧል። ቀዩን ስጪኝ።»

«ሕፃን ልጅ ዳኛ አደረግህ» አለ ጀማል ከበሩ።

ቀዩን እያየሁ የነበርኩት የአረንጓዴውን ጽሑፍ አንብቤ ስለጨረስኩ ነው። ቀዩ ላይ አንድ ረጅም ቃል ነበር፤ እሱን ነበር የምታገለው። ልናገር አፌን ስከፍት ካርቶኑ ላስቲክ ውስጥ ገብቷል።

ካርዱ ሲወጣ ሰሌዳው ራሱ ቀይ ነበር፣ እንደ ዛላ በርበሬ። ሔኖክ የማሽኑን የጎን ክዳን አውልቆ ተወው፤ ሰው እንዲያየው፣ ነፋስም እንዲያገኘው። የመጀመሪያ ቀን ጌሙ ሲከፈት ቤቱ ውስጥ ያለው ሁሉ ሊያይ ተጠጋጋ። ስክሪኑ ላይ በማናውቀው አገር ጎዳና ዝናብ ይዘንባል፤ እያንዳንዱ ጠብታ አስፋልቱ ላይ ይፈነጥቃል፤ መብራቶቹ ውሃው ውስጥ ተገልብጠው ይታያሉ። ከላይ ደግሞ የራሳችን ዝናብ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጠዋል። ጀማል እንኳ «እውነት ለመናገር… ውሃ ነው» አለ። ሔኖክ አንገቴን አቅፎ «ሠዓሊያችንን አየሽው?» አለኝ። በሕይወቴ ከዚያ በላይ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም፤ ከዚያ ወዲያም አላየሁም።

እማዬ ምሳውን ልታቀብለው ገባችና ደጃፉ ላይ ቆማ ቀረች።

«ምንድነው ይሄ የተገለጠ ቀይ?»

«ካርዱ ነው እማዬ።»

«በክረምት? ሸፍነው ልጄ። መብረቅ ቀይ ይወዳል።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አንዱ ልጅ «ማዘር፣ መብረቁም የቀይ ደጋፊ ነው በይና!» አላት። ሔኖክም ሳቀ። ክፋት አልነበረውም፤ የደስታ ቀኑ ነበር። እማዬ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አድርጋ ወጣች። በኋላ ጓዳ ውስጥ ለእኔ ብቻ ነገረችኝ፤ መንዝ ልጅ ሳለች፣ ቀይ ሻሽ ያሰረች ሙሽራ ከሰው ሁሉ መካከል ተመርጣ በመብረቅ ተመታች፣ ከዛፍ ሥር አይደለም፣ ሜዳ ላይ። «ጎኗ የነበሩት አንድ ፀጉራቸው አልተነካም» አለች። እማዬ የምታምነውን ነገር ሁሉ በዓይኗ አይታዋለች፤ ክርክር የማይገባትም ለዚህ ነው።

ሔኖክ ግን አንድ ነገር አስጠንቅቋት ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ነጎድጓድ ስትሰማ ሶኬቱን ነቅላ አንድ ማሽን አበላሽታበታለች። «እማዬ፣ በአባቴ ሞት፣ ማጥፊያውንም ሶኬቱንም እንዳትነኪ። በድንገት ከጠፋ ይሞታል።» እሷም ቃል ሰጥታዋለች።

የቡሔ ቀን ውድድሩ ከሰዓት በኋላ ነው። ሔኖክ ማሽኑን ከጠዋት ጀምሮ ለሙከራ ጌሙን ከፍቶ ተወው፤ መኪኖቹ ያለ ሰው በራሳቸው ይሽቀዳደማሉ። እሱና ጀማል የእድሩን አግዳሚ ወንበሮች ሊያመጡ ሄዱ። እኔ ጥግ ላይ መጽሐፍ ይዤ ተቀመጥኩ።

ዝናቡ አልጀመረም፤ ወረደ እንጂ። ሁለቱ እድር ቤት ውስጥ ታግደው ቀሩ። ከእንጦጦ በኩል የተነሳው ነጎድጓድ ጣሪያችን ላይ ደረሰ። እማዬ በጓዳው በር ገባች፤ ከመንዝ ያመጣችውን ጥቁር የሱፍ ባና በሁለት እጇ ታቅፋለች። እሷ ራሷ ብርድ ሲጠናባት ብቻ የምታወጣው ወፍራም ልብስ ነው።

እጇ ወደ ማጥፊያው ሄደ። ቆመ። ቃሏ ትዝ አላት። እጇን ሰብስባ አማተበች፤ ከዚያ ባናውን ዘርግታ ማሽኑን ከነስክሪኑ አለበሰችው። ጠርዙን በዙሪያው ወሸቀችው፣ እኔን ሲያተኩሰኝ እንደምታደርገው።

«እንዲህ ነው። አሁን አያይህም» አለችው።

የመኪኖቹ ድምፅ ሩቅ መንገድ ላይ ያለ መሰለ። እጄን ከባናው ሥር አስገባሁ። ይሞቃል። ያን ጊዜ ሙቀት ለእኔ መልካም ነገር ነበር፤ ብርድ ብርድ የሚለኝ ልጅ ስለነበርኩ። ተመችቶታል አልኩ።

ዝናቡ እየቆየ ቀጠነ። እማዬ ባናውን ገፈፈችው፣ አራገፈችው፣ አጠፈችው። ቤቱን የጋለ አቧራና የበግ ፀጉር ሽታ ሞላው። መኪኖቹ አሁንም ይሽቀዳደማሉ።

«ለወንድምሽ እንዳትነግሪው፣ እሺ? በጓደኞቹ ፊት ይሳቅብኛል። የባላገር ሴት ይሉኛል።»

ራሴን ነቀነቅኩ።

ከዚያ ሰው መጣ። የእድሩ ወንበሮች ሞሉ፤ መቀመጫ ያጣው ግድግዳ ተደገፈ፤ ትንንሾቹ ሙልሙላቸውን በብብታቸው ይዘው ከእግር መሐል ገቡ። ላንቻ ይሄዱ የነበሩት ሁሉ ተመልሰዋል። የጀማል የአጎት ልጅ ሳይቀር ሊሰልል መጥቶ ነበር። የመጀመሪያውን ዙር ሔኖክ ራሱ ተቀመጠ።

መኪናው ተነሳ። ዝናባማው ጎዳና መጣ። ልጆቹ «ዋው» አሉ። ከዚያ ጠብታዎቹ መሬት ሳይነኩ አየር ላይ ቆሙ። አስፋልቱ ላይ አረንጓዴ ሰንበር ወጣ፤ ሰማዩ በሮዝ ካሬዎች ተቦጫጨቀ፤ የሔኖክ መኪና ጎማዋን ጥላ በበርዋ ተንሸራተተች። አንድ ጊዜ ሁሉም ነገር ደረቀ። ጠፋ።

አንድ ልጅ «ሠዓሊው ሰክሯል!» አለ።

«ቡሔ ነው፣ ጠላ ሰጥተውት ነው!»

«ቀዩ ቀላ! ቀዩ አፈረ!»

ሳቁ እስከ መንገድ ወጣ። ሔኖክ አጠፋ፣ አበራ፤ አጠፋ፣ አበራ። ስክሪኑ ላይ የራሱ ፊት ብቻ ነበር የሚታየው። ጀማል አልሳቀም። ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ፣ እኔ ግን በቅርብ ስለነበርኩ ሰማሁት፣ «ይግላል ብዬህ ነበር ሔኒ» አለው።

ሔኖክ ተነሳ። «ልክ ነህ» አለ፣ ሁሉም እንዲሰማ። «ጥፋቱ የኔ ነው። እኔ ነኝ የመረጥኩት።»

እኔን አላየኝም። «ዓይኗ መርጧል» ያለውን ያን ቀንም፣ ከዚያ ወዲያም አላነሳብኝም።

የዚያን ቀን አመሻሽ ላይ እማዬ አልጋዬ ጠርዝ መጥታ ተቀመጠች። እጆቿ በጨርቅ ተጠቅልለዋል።

«የሺ፣ እኔ ነኝ ያስመታሁት።»

«ምኑን እማዬ?»

«ቶሎ አነሳሁት። ዝናቡ ሲቀጥን መብረቁም ያለፈ መሰለኝ። ባናውን ትንሽ ባቆየው ኖሮ አያገኘውም ነበር።» በተጠቀለለው እጇ ፊቷን ሸፈነች። «የልጄን ቤት በችኮላዬ አፈረስኩ።»

አመንኳት። ጣሪያችንን አልፎ፣ ሳያቃጥል ሳይሰማ፣ ቀይ ነገር መርጦ የሚገድል መብረቅ ታየኝ። አብሬያት አለቀስኩ።

ሔኖክ ካርዱን ነቅሎ መስኮቱ ላይ ጣለው። ማንም አልፈለገውም። እኔ እንደ ልማዴ ላባዬን ይዤ ሄድኩ፤ የሞተም ቢሆን አቧራ ሊለብስ አይገባም ብዬ። ላባውን ማራገቢያው መሐል ሳስገባ አልሄድም አለኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። አንድ ጥቁር ክር፣ የተጠቀለለ፣ እምብርቱ ላይ ደጋግሞ ዞሮ አንቆታል። በጥፍሬ ፈልጌ፣ ጫፉን ይዤ፣ ቀስ ብዬ ሳብኩት። አሸተትኩት። ጓዳ ገብቼ ከባናው ዘርፍ ጎን አስቀመጥኩት። አንድ ዓይነት ነበሩ።

ተመልሼ ማራገቢያውን እፍ አልኩበት። ዞረ። ምንም እንዳልሆነ፣ በቀላሉ፣ እየዞረ ቆየ።

ያኔ ገባኝ። እንዴት እንደገባኝ አላውቅም፤ ማንም አልነገረኝም። እጄን ከባናው ሥር ያስገባሁበት ሙቀት ተመልሶ መጣብኝ፤ መመቸት ሳይሆን መታፈን ሆኖ።

ለሔኖክ ብነግረው ጥፋቱ ከሱ ትከሻ ይወርዳል። ግን ይወርድና የት ያርፋል? በበረኪና በተላጠ እጅ ላይ። ለእማዬ ብነግራት፣ ቶሎ አነሳሁት ብላ የምታለቅስ ሴት፣ መጀመሪያ በማልበሷ መሆኑን ልትሰማ ነው። ጠዋት እነግረዋለሁ ብዬ እነሳለሁ፤ እሷ ቀድማ ሻይ ስታቀርብለት አያለሁ፣ ዓይን ዓይኑን እያየች፤ ዝም እላለሁ። ደግሞ እርግጠኛ አልነበርኩም። ቀዩ ይግላል ይሉ የለ? ባናው ባይኖርስ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አይሞትም ነበር? አረንጓዴው ቢሆን ኖሮ እማዬ አትሸፍነውም ነበር፤ ስለዚህ ቀዩን መምረጡ በእርግጥ ጎድቶታል፤ ግን ጀማል ባለው ምክንያት ላይሆን ይችላል። ይህን ሁሉ በልጅ አእምሮዬ አገላብጫለሁ። ጫፉን ይዤ ስስበው የሚወጣ ክር አልነበረም።

ጀማል ማሽኖቹን የወሰደው ካፊያ በሚጥልበት ቀን ነው። በተከራያት ሚኒባስ ወንበር ላይ ሲጭናቸው ሔኖክ አገዘው።

«አልቀየምህም ብለህ ነበር» አለ ጀማል።

«አልተቀየምኩም። ትክክል ነበርክ፣ በቃ።»

ጀማል እኔን አይቶ ሊስቅ ሞከረ። «እትዬ የሺ፣ ላባሽን ይዘሽ ላንቻ ትመጫለሽ አይደል?» ከዚያ ገብቶ በሩን ዘጋ። ጥቁሩ ክር የቀሚሴ ኪስ ውስጥ ነበር። ሚኒባሷ እስክትታጠፍ በጣቴ አሸሁት።

ልጆቹም ተከትለውት ሄዱ። ሔኖክ የቀሩትን ማሽኖች እያበራ ባዶ ቤት ይውላል። እኔ መጥረጌን አልተውኩም፤ አቧራ ግን አልነበረም፤ ጭቃ ይዞ የሚገባ ሰው አልነበረማ። አንድ ቀን ላባዬን ይዤ ስገባ ከአባቴ የጠመኔ ልኮች ፊት ቆሞ አገኘሁት። «ወገብ ብቻ ነው የሚለካው» አለ፤ «ሰው ምን እንደሚችል አይለካም።» ለእኔ ይሁን ለራሱ አላወቅኩም። መስከረም ሲጠባ ክፍሏ ለሴቶች ጸጉር ሠሪ ተከራየች። እማዬ ወደ አንሶላዋ፣ እኔ «እትዬ የሺ መጡ» ወደሚሉኝ ልጆች ተመለስን። ሔኖክ ደግሞ ምግብ ቤት እንኳ «እናንተ ያዘዛችሁትን» የሚል ሰው ሆነ። ሥራ ሲመጣለት «እስቲ እናንተ እንዳላችሁ»፣ ሚስት ሲታጭለት «እስቲ እናንተ እንዳላችሁ»። ከዚያ ክረምት ወዲያ አንድ ነገር መርጦ አያውቅም።

እውነቱን ለሔኖክ የነገርኩት ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ ቤታችን በር ላይ የመፍረሻ ምልክቱ ቀይ ቀለም ተቀብቶ፣ ሰፈሩ ሊፈርስ እቃ የጫንን ቀን ነው። እማዬ ጭነት መኪናው ጋቢና ውስጥ ተቀምጣለች፤ እኔና ሔኖክ የመጨረሻዎቹን ነገሮች እንለቅማለን። ከሳጥኑ ሥር ባናውን አወጣው።

«ይሄ ነገር አሁንም አለ?»

«ሔኖክ» አልኩት፣ «ያን ካርድ የገደለው እሱ ነው።»

ቀልድ መስሎት ሳቀ። ከዚያ ሁሉንም ነገርኩት፤ ነጎድጓዱን፣ ወደ ማጥፊያው ሄዶ የተመለሰውን እጅ፣ ሙቀቱን፣ ክሩን። «ደግሞ ቀዩንም አልመረጥኩልህም። አንድ ረጅም ቃል አቅቶኝ እሱን እያነበብኩ ነበር።»

በዚህኛው የምር ሳቀ። እንባው እስኪመጣ። ቀስ በቀስ ሳቁ ጠፋ፤ እንባው ግን ቀረ። ባዶው ሳጥን ላይ ተቀምጦ የባናውን ዘርፍ በጣቱ ማሸት ጀመረ።

«እማዬ ታውቃለች?»

«እሷ ባናውን ቶሎ ስላነሳችው ይመስላታል። መብረቅ የመታው።»

ቀና ሲል ፊቱ ያ የባምቢሱ ልጅ ፊት ነበር፤ ያው ላብ፣ ያው ፍርሃት፣ ያው ልመና።

«ታዲያ ቀዩ ደህና ነበር ማለት ነው? ምርጫዬ ልክ ነበር?»

አዎ ማለት ነበረብኝ። አንድ ቃል ናት። ፊደል ያስቆጠረኝ ሰው ነው የጠየቀኝ። አፌን ከፈትኩ፤ የመጣልኝ ግን የማውቀው ብቻ ነበር።

«አላውቅም» አልኩት። «አልተፈተነም።»

ራሱን ነቀነቀ፣ ቀስ ብሎ። ፊቱ እንደዚያ ስክሪን ጨለመ።

ከእንጦጦ በኩል ነጎደ። ወዲያው የእማዬ ድምፅ ከውጭ መጣ፤ «ሔኖክ! ቴሌቪዥኑ ጭነቱ ላይ ተገልጦ ነው ያለው! በባናው አልብሰው!»

«እሺ እማዬ።»

ባናውን ታቅፎ ወጣ። በር ላይ ሆኜ አየሁት። ጭነቱ ላይ ወጥቶ ቴሌቪዥኑን አለበሰው፤ ጠርዙን በዙሪያው ወሸቀው፤ ጎንበስ ብሎ ቀዳዳ ፈለገ፣ ያገኘውን ደፈነ። እማዬ አንገቷን በመስኮቱ አውጥታ ትከታተለዋለች።

«ጎኑንም!»

«ጎኑንም ሸፍኜዋለሁ።»

«ደግሞ ዝናቡ አባራ ብለህ ቶሎ እንዳታነሳው።»

«አላነሳውም እማዬ» አላት ወንድሜ፣ እጁ ባናው ላይ እንዳረፈ። «አላነሳውም።»